‹‹ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር›› በሆላንድኛ

(በሮተርዳም በኢትዮጵያውያን የቅዳሜ ከሰዓት መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።)

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ዝናብና ነፋስ ትራምና ባቡር እየቀያየራችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወንድሞች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑና ተቀመጡ። ልጆች ያዛችሁ እናቶችም አትሳቀቁ፤ ልጅ ቢጮህ ንግግሬ አይቋረጥም።

አስተባባሪዎቹ ‹‹ስለ ሆላንድኛ ሰዋስው አንድ ሰዓት ተናገርልን›› ሲሉኝ፣ ‹‹ስለ ሰዋስው ሁሉ አልችልም፤ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ልናገር›› አልኳቸው። ተስማሙ። ዓረፍተ ነገሯ ይህቺ ናት፦ ‹‹ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር።››

እስቲ አስቡት፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይናገራት የኖረ ሰው በመካከላችን አለ? ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ይላታል። ወዳጁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳይጠይቀው የወጣለት ይላታል። ክርስትና የቀረበት፣ ምርቃት ያመለጠው፣ ሁሉም ይላታል። ይቅርታ መጠየቂያችን ናት፤ ፍቅር መግለጫችን ናት፤ ‹‹ሳላውቅ ቀርቼ እንጂ ንቄህ አይደለም›› ማለት ናት። አሁን ደግሞ ልጠይቃችሁ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር በሆላንድኛ በእርግጠኝነት የሚናገር እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት... አምስት። ከዚህ ሁሉ ሰው አምስት። አስር ዓመት፣ አስራ አምስት ዓመት በዚህ አገር ኖረን ወዳጃችንን በቋንቋው ‹‹ባውቅ ኖሮ›› ማለት ካልቻልን አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎናል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመሙላት ነው።

ወደ ሰዋስው ከመግባቴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

እዚህ አገር በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ ዐረፈ። መርዶው የደረሰኝ በስልክ ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። እዚያ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲያለቅስ እኔ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮት ዝናብ አያለሁ። የአገሬ ልጆች ሰምተው መጡ፤ ሦስት ቀን አብረውኝ ዋሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከጎኔ ያለው ቤት የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ ሆላንዳዊት ጎረቤቴ ናቸው። በአንድ እጃቸው ነጭ አበባ፣ በሌላው ፖስታ ይዘዋል። ኮታቸውን ደርበው ነበር፤ ቤታቸው ከቤቴ ስድስት እርምጃ እንኳ አይርቅም። እኔን ሊጠይቁ ሲወጡ እንደ ሰው ቤት ሂያጅ ለብሰው ነው የወጡት። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። እንዲህ አሉኝ፦

‹‹አልስ ኢክ ሄት ኸዌተን ሃት፣ ዋስ ኢክ ኤርደር ኸኮመን።››

እኔ የዚያን ጊዜ ያለኝ ሆላንድኛ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆላንድኛ ነው። ‹‹ዋስ›› ማለት ‹‹ነበር›› መሆኑን አውቃለሁ። ‹‹ኤርደር›› ማለት ‹‹ቀደም ብሎ›› መሆኑን አውቃለሁ። ‹‹ኸኮመን›› ማለት ‹‹መጣ›› መሆኑን አውቃለሁ። ቃላቱን አንድ በአንድ ገጣጠምኳቸውና ‹‹ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር›› ያሉኝ መሰለኝ። አልመጡም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም፤ ከአገሬ ልጆች በቀር ማንም በሬን አላንኳኳም። ሐዘን ደግሞ ሰውን ሆደ ባሻ ያደርጋል። ‹‹ኔ መቭራው፣ ኡ ቤንት ኒት ኸኮመን›› አልኳቸው፤ ‹‹የለም እመቤት፣ እርስዎ አልመጡም›› ማለቴ ነው። ፊታቸው ሲለዋወጥ ዛሬም ይታየኛል። አበባውን ሰጡኝ፤ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ወገኖቼ፣ ሴትዮዋ የተናገሩት ምን ነበር? ‹‹ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እመጣ ነበር።›› እኛ ለቅሶ ስናረፍድ የምንላትን ያችኑ ቃል ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ውሸታም አደረግኋቸው። ይህን የተረዳሁት ከስምንት ወር በኋላ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ መምህርቷ ያችኑ የምትመስል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ነው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቀረሁ። ወደ ሴትዮዋ ታሪክ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ቃላቱን በፊደላችን የምጽፍላችሁ ሁሉም እንዲያነብ ብዬ ነው። ‹‹ኸ›› ባያችሁበት ሁሉ ከጉሮሮ አውጧት።

የመጀመሪያው ነጥቤ ስለ ስሙ ነው። ይህን የግስ ቅርጽ የሆላንድ ሰዋስው ‹‹ፎልቶይት ፈርሌደን ቱኮመንደ ቴይት›› ይለዋል። ቃል በቃል ‹‹የተጠናቀቀ፣ ያለፈ፣ የሚመጣ ጊዜ›› ማለት ነው። ያለፈ ነገር እንዴት ይመጣል? የሚመጣስ እንዴት ተጠናቀቀ ይባላል? ብዙ ተማሪ ስሙን ሲሰማ መጽሐፉን የሚዘጋው ለዚህ ነው። ግን ስሙ ብልሃት አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴ ዊንክል የሚባል ሆላንዳዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር፤ ከባልደረባው ከዴ ፍሪስ ጋር ሆኖ በ1863 የአገሪቱን አጻጻፍ መሠረት ያስያዘ ሰው ነው። እርሱ የሆላንድኛ ግስ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል አለ። የቆምክበት ቦታ ዛሬ ነው ወይስ ትናንት? ከቆምክበት ሆነህ የምታየው እዚያው ያለውን ነው ወይስ ወደፊት ያለውን? የምታየው ነገር ገና እየተካሄደ ነው ወይስ አልቋል? ሦስት ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መልስ፣ በድምሩ ስምንት ጊዜያት። የእኛው የመጨረሻው፣ ስምንተኛው ነው፦ ትናንት ላይ ቆመህ፣ ከዚያ ወደፊት ታያለህ፣ የምታየው ነገር ያለቀ ነው።

ወደ ጎረቤቴ እንመልሰው። ሐሳባቸው ወደ ኋላ ሄዶ አባቴ ያረፈበት ሳምንት ላይ ቆመ። ከዚያ ሆነው ወደፊት አዩ፦ መርዶውን ሰምተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ በሬን አንኳኩተው። ያ መንገድ እስከ መጨረሻው ተሄዶ ይታያቸዋል፤ ነገር ግን አልተሄደበትም። ‹‹እመጣ ነበር›› ስንል እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ስም አላወጣንለትም እንጂ ሐሳቡ አለን።

ሁለተኛው ነጥብ አሠራሩ ነው። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ እንደ ሦስት ጉልቻ አስቡት፣ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቀመጥም። አንደኛው ‹‹ዛው›› ነው፤ ለብዙ ሰው ሲሆን ‹‹ዛውደን›› ይሆናል። ይህ ‹‹ዙለን›› የሚለው ግስ ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ዋናው ግስ ነው፤ ‹‹ፎልቶይት ዴልዎርት›› በሚሉት፣ ድርጊቱ መፈጸሙን በሚያሳየው ቅርጹ፦ ኸዌርክት፣ ኸቤልት፣ ኸኮመን፣ በታልት። ሦስተኛው ረዳት ግሱ ነው፤ ‹‹ሄበን›› ወይም ‹‹ዜይን››፣ ሳይረባ እንዳለ። አንድ ላይ ሲቀመጡ፦

‹‹ኢክ ዛው በታልት ሄበን።›› እከፍል ነበር፤ ግን አልከፈልኩም።

‹‹ኢክ ዛው ኸኮመን ዜይን።›› እመጣ ነበር፤ ግን አልመጣሁም።

‹‹ዌይ ዛውደን ኸቤልት ሄበን።›› እንደውል ነበር፤ ግን አልደወልንም።

አብራችሁኝ በሉ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ። ከኋላ ያላችሁም! ጎበዞች።

‹‹ዛው በታልት ሄበን›› እና ‹‹ዛው ሄበን በታልት›› ሁለቱም ትክክል ናቸው። በዚህ ማንም ሊያርማችሁ አይገባም። በሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ በሚንጠለጠል ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥማ ሦስት ቅደም ተከተል አለ፦ ‹‹ኸኮመን ዛው ዜይን››፣ ‹‹ዛው ዜይን ኸኮመን›› እና ‹‹ዛው ኸኮመን ዜይን››። የመጨረሻውን አብዝታችሁ የምትሰሙት ቤልጅየም ነው፤ አንትወርፐን ወይም ኸንት ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱን ምረጡና በእርሱ ጽኑ፤ ጊዜያችሁን አትፍጁበት።

ብዙ የምንሳሳተው ሦስተኛው ጉልቻ ላይ ነው። ‹‹ሄበን›› ነው ወይስ ‹‹ዜይን››? አብዛኛው ግስ ከ‹‹ሄበን›› ጋር ይሄዳል። ሰው ቦታውን ወይም ሁኔታውን ሲለውጥ ‹‹ዜይን›› ይመጣል፦ ሄደ፣ መጣ፣ ወደቀ፣ ሞተ፣ ተነሣ፣ ሆነ። ሁለት ግሶች ግን ምንም ሳይለወጥባቸው ‹‹ዜይን››ን ይወስዳሉ፤ እነርሱም ‹‹ነበረ›› እና ‹‹ቆየ›› ናቸው፦ ‹‹ኢክ ዛው ኸብሌቨን ዜይን››፣ እቆይ ነበር። እነዚህን ሁለቱን እንደ ውዳሴ በቃላችሁ ያዟቸው። አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ከነዳችሁ ‹‹ሄበን›› ነው፦ ‹‹ኢክ ዛው ደ ሄለ ዳኽ ኸፊትስት ሄበን››። ወደ ገበያ ከነዳችሁ ግን ‹‹ዜይን›› ይሆናል፦ ‹‹ኢክ ዛው ናር ደ ማርክት ኸፊትስት ዜይን››። መድረሻ ሲኖር ቦታ ተለወጠ ማለት ነው። መሮጥም በእግር መጓዝም መኪና መንዳትም እንዲሁ ናቸው። ይህን ሳስተምር ሁሌ ደስ ይለኛል፤ አንድ ግስ፣ አንድ ብስክሌት፣ ነገር ግን ‹‹የት ነው የምትሄደው?›› የሚል ጥያቄ ሰዋስው ውስጥ ተቀብሯል።

በጽሑፍ ጊዜ የግሱ መጨረሻ በ‹‹ት›› ወይስ በ‹‹ድ›› ይጻፍ ለሚለው፣ ‹‹ኮፍስኺፕ›› የምትለውን የመርከብ ስም እንደ ማስታወሻ ቃል ትምህርት ቤት አስተምረዋችኋል፤ እርሷው ትበቃለች።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ።

በአማርኛ እንዲህ እንላለን፦ ‹‹ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛ ነበር።›› ይህ መቼ ነው? አሁን ነው ወይስ ያኔ? ሁለቱንም ይሆናል! አሁን ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ ኪሴ ባዶ ሆኖ ልለው እችላለሁ። የዛሬ አምስት ዓመት ሳልገዛው ስላመለጠኝ ቤት እያወራሁም ልለው እችላለሁ። ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል፤ ካልተረዳ ‹‹አሁን›› ወይም ‹‹ያኔ›› ብለን እንጨምርለታለን። ይህ አማርኛችን ድሃ ስለሆነ አይደለም፤ ‹‹በገዛሁ ነበር›› የሚል አማራጭ ሁሉ ያለው ባለጸጋ ቋንቋ ነው። ግን ጊዜውን ለሰሚው ይተውለታል። ሆላንድኛ አይተውም። ግሱ ራሱ እንዲናገር ያስገድዳችኋል።

አባቶቻችን ‹‹የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም›› ይላሉ። እንግዲህ ‹‹ኖሮ›› ባላችሁ ቁጥር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ውኃው ፈሷል ወይስ ገና እንስራው ውስጥ ነው?

ገና እንስራው ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ነገሩ ዛሬ ሊለወጥ የሚችል ከሆነ፦ ‹‹አልስ ኢክ ኸልት ሃት፣ ዛው ኢክ በታለን።›› ገንዘብ ቢኖረኝ እከፍላለሁ፤ አሁን የለኝም፤ ካገኘሁ እከፍላለሁ። ከፈሰሰ ግን፦ ‹‹አልስ ኢክ ኸልት ኸሃት ሃት፣ ዛው ኢክ በታልት ሄበን።›› ያኔ ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ ያኔ እከፍል ነበር፤ ጊዜው አልፏል። ልዩነቱን ሰማችሁት? ‹‹በታለን›› እና ‹‹በታልት ሄበን››። ‹‹ሃት›› እና ‹‹ኸሃት ሃት››። አንዲት ቅንጣት ናት፤ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

‹‹ታዲያ ምን ይጎዳል? ሰው ይረዳኛል›› የሚል ይኖራል። እስቲ አንዲት እህታችን የደረሰባትን ልንገራችሁ። ሌላ ቤት ከተዛወረች በኋላ የክፍያ ደብዳቤ በአሮጌው አድራሻዋ ተላከ። አልደረሳትም። ቅጣት ተጨመረባት። በዚህ አገር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ ሕጉ በአብዛኛው 6 ሳምንት ነው የሚሰጠው። እርሷ በራሷ ሆላንድኛ ቅሬታዋን ጻፈች። ልትል የፈለገችው ‹‹ደብዳቤው ቢደርሰኝ ኖሮ በጊዜው እከፍል ነበር›› ነው። የጻፈችው ግን ‹‹አልስ ኢክ ደ ብሪፍ ክሬኽ፣ ዛው ኢክ በታለን›› ነው። ይህን የሚያነብ ሆላንዳዊ ምን ይረዳል? ‹‹ደብዳቤው ቢላክልኝ እከፍላለሁ።›› ስለ ትናንት የጻፈችው ስለ ነገ ሆኖ ተነበበ። መልሱ ሲመጣ ስለ ቅጣቱ አንድም ቃል አልነበረበትም፤ የመክፈያውን ደብዳቤ ቅጂ በድጋሚ ልከውላት ዐረፉት። ወደ እኔ ስትመጣ ከ6ቱ ሳምንት የቀሩት አራት ቀናት ነበሩ። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አንዲቷን መስመር አረምናት፦ ‹‹አልስ ኢክ ደ ብሪፍ ኸክሬኸን ሃት፣ ዛው ኢክ ኦፕ ቴይት በታልት ሄበን።›› ልጇ አጠገባችን የቤት ሥራውን ይሠራል። ቀና ብሎ ‹‹እማዬ፣ አሁን ገባኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ›› አላት። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እኛ በመጽሐፍ የምንለፋበትን እነርሱ በጆሮ ያገኙታል፤ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ አትፈሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ‹‹አልስ›› የእኛው ‹‹ባውቅ››፣ ‹‹ቢኖረኝ›› ላይ ያለችው ‹‹ብ›› ናት፤ ‹‹አልስ›› ባለበት ወገን ‹‹ሃት›› ወይም ‹‹ዋስ›› ይሁን፤ ‹‹ዛው››ን ለውጤቱ ወገን ተዉለት። በንግግር ‹‹ዛው››ን ሁለቱም ወገን የሚያስገባ ሆላንዳዊ ትሰማላችሁ፤ በጽሑፍ ግን የኔን ምክር ያዙ። እንደ አማርኛው አስቡት፦ ‹‹ኖሮ›› የራሱ ቤት አለው፣ ‹‹ነበር›› የራሱ ቤት አለው።

እንግዲህ ‹‹ዋስ ኢክ ኸኮመን›› ያሉኝ ጎረቤቴ ‹‹ዛው››ን የት ጣሉት? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከፊት የተቀመጡት እናቴ ቀድመው ጠየቁኝ። ሆላንዶች በዕለት ንግግራቸው ‹‹ዛው ኸኮመን ዜይን›› የሚለውን ሦስት ቃል ያሳጥሩታል። ‹‹ዛው ... ሄበን›› በ‹‹ሃት›› ይተካል፤ ‹‹ዛው ... ዜይን›› በ‹‹ዋስ›› ይተካል። (‹‹ዳን›› ማለት ‹‹እንግዲያው›› ነው።) ‹‹ዳን ዛው ኢክ በታልት ሄበን›› የነበረው ‹‹ዳን ሃት ኢክ በታልት›› ይሆናል። ‹‹ዳን ዛው ኢክ ኸኮመን ዜይን›› የነበረው ‹‹ዳን ዋስ ኢክ ኸኮመን›› ይሆናል። ትርጉሙ ያው ነው። መንገድ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ ደረጃ ላይ የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ አጭሩን ነው። ትልቁ ወጥመድም ይህ ነው፤ አጭሩ ቅርጽ ‹‹መጥቼ ነበር›› ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ነውና። ‹‹ኢክ ዋስ ኸኮመን›› ብቻውን ሲቆም ‹‹መጥቼ ነበር›› ነው። ‹‹አልስ›› ወይም ‹‹ዳን›› አጠገቡ ሲኖር ‹‹እመጣ ነበር›› ነው። ስለዚህ ‹‹ዋስ›› ወይም ‹‹ሃት›› ስትሰሙ ከመቆጣታችሁ በፊት ጆሯችሁን ወደ ‹‹አልስ›› አቅኑ። እኔ ያኔ ‹‹አልስ››ን አልሰማኋትም።

አንዳንዴ ደግሞ ‹‹አልስ››ም ትጠፋለች፤ ግሱ ብቻ ወደ ፊት ይመጣል፦ ‹‹ሃት ኢክ ሄት ኸዌተን፣ ዳን ዋስ ኢክ ኸኮመን።›› ጥያቄ ይመስላል፤ ጥያቄ አይደለም። ‹‹ባውቅ ኖሮ›› ነው።

‹‹መደወል ነበረብህ›› የምንለውስ? በዚህ የሚጎዱ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። አንድ ወንድማችን መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ታሞ ቀረ፤ አልደወለም። ሲመለስ አለቃው ‹‹የ ሃት ሙተን ቤለን›› አለው፤ ‹‹መደወል ነበረብህ›› ማለቱ ነው። ወንድማችን ‹‹መደወል አለብህ›› ያለው መስሎት በትሕትና ‹‹እሺ፣ አሁን እደውላለሁ›› ብሎ ስልኩን አወጣ። አለቃው የቀለደበት መሰለው። ሁለት ጥሩ ሰዎች በአንዲት ‹‹ሃት›› ተቀያየሙ። እንዲህ ያዙት፦ ‹‹የ ዛው ሙተን ቤለን›› ብትደውል ይሻልሃል፣ ገና ጊዜ አለ ማለት ነው። ‹‹የ ሃት ሙተን ቤለን›› መደወል ነበረብህ፣ አልደወልክም ማለት ነው። ‹‹መቻል››ም እንዲሁ፦ ‹‹የ ሃት ኩነን ቤለን››፣ መደወል ትችል ነበር። እዚህ ላይ ‹‹ኸሙተን›› እና ‹‹ኸኩንት›› ብላችሁ ‹‹ኸ›› አትጨምሩ፤ ሌላ ግስ ሲከተላቸው ‹‹ሙተን›› እና ‹‹ኩነን›› እንዳሉ ይቀመጣሉ። አማርኛችን እዚህ ይረዳናል፤ ‹‹ነበረብኝ›› እና ‹‹እችል ነበር›› በአፋችሁ ሲመጡ ‹‹ሃት›› በሉ። በእነዚህ በሁለቱ ‹‹ነበር›› ካለ ‹‹ሃት›› አለ።

ጋዜጣ ለምታነቡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ‹‹ደ ማን ዛው ሄት ኸልት ኸስቶለን ሄበን›› የሚል ብታዩ፣ ‹‹ሰውየው ገንዘቡን ይሰርቅ ነበር›› ብላችሁ አትተርጉሙት። ‹‹ሰርቋል ተብሏል›› ማለት ነው። ጋዜጠኛው ኃላፊነቱን አልወሰደም፤ የሰማውን ነው የሚነግራችሁ። ቅርጹ አንድ ነው፤ ‹‹አልስ›› ግን በአቅራቢያው የለም። ስለ ሰው ስም ስለሆነ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ‹‹ተብሏል›› የተባለውን ‹‹ነው›› ብሎ ማውራት ሰው ያስቀይማል፣ ቤት ያፈርሳል።

ዳቦ ቤት ደግሞ ‹‹ኢክ ሃት ኽራኽ አን ሃልፍ ፎልኮረን›› የሚሉ ሰዎች ትሰማላችሁ። ‹‹ግማሽ ያልተነፋ ስንዴ ዳቦ ፈልጌ ነበር›› ነው። አሁንም ይፈልጋሉ፤ ትሕትና ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛስ ‹‹አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር›› አንልም? ሁለት በጣም የተራራቁ ሕዝቦች ‹‹ነበር››ን ለአክብሮት መጠቀማቸው ይገርመኛል፤ ሳስተምር እዚህ ስደርስ የተማሪዎቹ ፊት ይፈታል።

ፈተና ያለባችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኢንቡርኸሪንግ ሕግ (አዲስ መጤዎች ቋንቋውንና የአገሩን ኑሮ እንዲማሩ የሚያስገድደው) ብዙዎቻችሁን ከቀድሞው ከፍ ወዳለ ደረጃ እንድትደርሱ ይጠይቃል። እኔ ግን ለፈተና ብቻ አጥኑት አልላችሁም። ፈተና ያልፋል። ጎረቤት ግን በየቀኑ ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ ብያችሁ ነበር። ያን ቀን ከትምህርት ክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ትራሙ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን በደብተሬ ጀርባ ደጋግሜ ጻፍኩት። በሩን አንኳኳሁ። ሲከፍቱ ስምንት ወር ሙሉ በደረጃ ላይ በጭንቅላታቸው ብቻ ሰላም ሲሉኝ የነበሩት ሴትዮ ናቸው፤ ግራ ተጋብተው አዩኝ። ደብተሩን ሳላይ እንዲህ አልኳቸው፦

‹‹መቭራው፣ አልስ ኢክ ኡ በኽሬፐን ሃት፣ ሃት ኢክ ኮፊ ኸዜት።››

‹‹እመቤት፣ ያኔ ንግግርዎ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ቡና አፈላልዎት ነበር።›› ከዚያ በተሰባበረ ቋንቋ ምን እንደተረዳሁና ምን እንዳልተረዳሁ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ፦ ‹‹ዳት ካን ኖኽ።››

‹‹አሁንም ይቻላል›› ማለታቸው ነው። ‹‹ዛው›› የለበት፣ ‹‹ሃት›› የለበት። እኔ ውኃው ፈሷል ብዬ በፈሰሰው ግስ ተናገርኩ፤ እርሳቸው እንስራው ውስጥ ገና አለ አሉኝ። ኮታቸውን ደርበው ስድስቱን እርምጃ መጡ። እጣኑን አጨስኩ፤ ቡናውን ቆላሁ፤ አቦልም ቶናም በረካም ጠጡ። የአባቴን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አይተው ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

አሁን በየወንበራችሁ ላይ ያለውን ወረቀት አንሡ። እያንዳንዳችሁ ለአንድ ሰው ልትሉት የሚገባችሁን አንድ ‹‹ኖሮ›› በአማርኛ ጻፉልኝ፤ ከቡና በኋላ በየጠረጴዛው እየዞርኩ አብረን ወደ ሆላንድኛ እናመጣዋለን። እናቴ፣ ከእርስዎ እጀምራለሁ።